በሐምሌ ገብርኤል የተጫነ ዕቃ

ደብተሩ አሁንም ከእጄ አልወጣም። የልጄ የሒሳብ ደብተር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የእሷ ማባዛትና ማካፈል አለ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከድሬዳዋ ወደ ደብረ ብርሃን ቤታችንን ስንነቅል የወጣውን ብር ሁሉ የጻፍኩት እዚያ ላይ ነው። ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ሥራ አግኝቶ ቀድሞን ሄዷል። እናቴን፣ ሁለት ልጆቼንና የአሥራ አራት ዓመት ዕቃ ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ሰው አገር ሊቀይር ሲያስብ መጀመሪያ የሚታየው መኪናው ነው። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ የመኪና ነገር ብቻ ነበር የሚያስጨንቀኝ። አንዱ የጭነት ደላላ 18,000 ብር ጠራ። ሌላው፣ ሳቢያን አካባቢ የሚውለው፣ «እህቴ፣ ከአዲስ አበባ ዱቄት ጭኖ መጥቶ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ አገኝልሻለሁ፤ በ13,000 ትሄጃለሽ። ግን እሱ በሚመለስበት ቀን ነው እንጂ አንቺ በፈለግሽው ቀን አይደለም» አለኝ። 5,000 ብር ማለት ለእኛ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነበር። ቀኑ ምን ያደርግልኛል ብዬ እሺ አልኩ። መኪናው ሐምሌ 17 እንደሚደርስ ተነገረኝ፣ ቀብዱን ከፈልኩ።

የዚያን ቀን ማታ የሠራሁት ስሌት ይህ ነው፦ ለመኪና 13,000፣ ለማስጫኛ 700፣ ለማውረጃ 500፣ ለካርቶን፣ ለማዳበሪያና ለገመድ 450፣ ለአዲሱ ቤት የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ 7,500፣ ቤቱን ላገኘልን ደላላ 500፣ ለእናቴና ለልጆቹ መጓጓዣ 1,800፣ መጠባበቂያ 1,000። ድምሩ 25,450 ብር። ሁለቴ ደመርኩት፣ ልክ ነው። ብሩም ከዕቁብ ወጥቶ እጄ ላይ ነበር። በዚያ ማታ እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ቀጥሎ ያለው ገጽ በሦስት የተከፈለ ነው፤ የሚሄድ፣ የሚሸጥ፣ የሚሰጥ። ቡፌው ተሸጠ። ትልቁ የብረት አልጋ ለጎረቤት ልጅ ሰርግ ተሰጠ። «የሚሸጥ» ከሚለው ሥር «የአባባ ቬንትሌተር፣ 600 ብር» ብዬ ጽፌ ነበር። አባቴ ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጣ የገዛው ቋሚ ቬንትሌተር ነው፤ እግሩ ከባድ ብረት፣ ድምፁ ቤቱን የሚሞላ። በታመመበት ዓመት አልጋው አጠገብ ሌት ተቀን ይዞር ነበር። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ግንቦት ላይ ያለ ቬንትሌተር እንቅልፍ የለም። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ብርዳም ከተማ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ላይ ናት። እዚያ ቬንትሌተር ምን ይሠራል? እናቴ ደብተሩን ስታገላብጥ አየችው። አልተናገረችም። እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ መስመሩን ሰረዘችው፣ «የሚሄድ» ከሚለው ሥርም «እሱ» ብላ ጻፈች። ስሙን እንኳ አልጻፈችም።

እናቴና ልጆቹ ሐምሌ 16 በባቡር ሄዱ። ይህም የእናቴ ውሳኔ ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው። እናቴ የባቡር ሠራተኛ ሚስት ሆና ኖራ ከድሬ በአውቶብስ መውጣት አልታያትም። የአሁኑ ጣቢያ ከከተማው ራቅ ያለ ስለሆነ ባጃጁ አቧራ ለአቧራ ወሰደን። የከዚራን ሰፈር ስናልፍ ጥላ የዘረጉትን ዛፎች በመስኮት አንድ በአንድ ስታይ ነበር። ጣቢያው ስንደርስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዛ ገባች። እኔ ዕቃውን ይዤ በጭነት መኪናው ጋቢና ልከተል ቀረሁ።

መኪናው በቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሹፌሩን አልወቅሰውም፣ ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው። የዘገየሁት እኔ ነኝ። የቀበሌ መሸኛ ደብዳቤ ያልያዘ ሰው አዲሱ ከተማ መታወቂያ ማውጣት ይቸገራል፣ የልጆቹ ምዝገባም ይጓተታል። ደብዳቤው ከተጻፈ ሳምንት ሆኖታል፣ የቀረው ፊርማና ማህተም ነው። ሐምሌ 17 ከሰዓት ስሄድ የሚፈርመው ሰው የለም። «ቁልቢ ሄዷል፣ ስለት አለበት» አሉኝ። ወሽመጤ ተቆረጠ። የቀረበት ስለት ሆኖ ሳለ እንዴት ልቆጣ? ድሬዳዋ ኖሬ የቁልቢን ቀን መርሳቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የታኅሣሡን ገብርኤል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ አገር ምድሩ የሚወጣበት ነው። የሐምሌውን አሳንሼ አይቼው ነበር።

ደብዳቤውን ወኪሉ ሐምሌ 18 ወደ ማታ ፈረመልኝ። ያን ቀን መኪናው ቆሞ ዋለ። የቆመበት 1,500 ብር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ስንዋዋል አላነሳነውም። ሹፌሩ «እትዬ፣ ነገ መንገዱ ይዘጋጋል፣ ለሃያ ብናደርገው?» አለኝ። ለሃያ ማለት ሌላ 1,500 ነው። የለቀቅሁት ቤት ደግሞ ቁልፉ ለአዲሱ ተከራይ ተሰጥቷል፣ ዕቃው ሁሉ ደጅ ነው። በዚያው ማታ ጫንን። ጎረቤት ቤት አደርኩ፣ ሐምሌ 19 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣን።

የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ገና ጨለማ ነበር፤ በመኪናው መብራት የሚታየው ሰው ብቻ ነው። ነጭ ለብሶ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ጫማውን አውልቆ። ቁልቢ ገብርኤልን ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ነው ይባላል። ከየአገሩ ሕዝብ ይመጣል፣ ልጅ ያገኘ ልጁን ታቅፎ፣ የታመመ በቃሬዛ። ሐምሌ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውሃ ያወጣበት ቀን ነው። ቁልቢ ከመድረሳችን በፊት መኪናው ቆመ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ከዚያ ቦታ አልተንቀሳቀስንም። አጠገባችን የነበረች አንዲት ሴት፣ ከወለጋ ነው የመጣሁት ያለችኝ፣ መንታ ልጆች አንዱን በጀርባዋ አንዱን በደረቷ ይዛ ነበር። ዝናቡ ሲመጣ ጋቢና አስገባኋት። ከአገልግሏ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፣ «መንገድሽን ያቅናልሽ» አለችኝ። ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው።

ዝናቡ ግን ሸራውን አገኘው። ሸራው ከኋላ በኩል ክንድ የሚያህል ቀዳዳ ነበረው። ድሬ ላይ ማታ ስንጭን ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ማንም አልፈተሸውም። ከቀዳዳው ሥር ያለው የእናቴ የጥጥ ፍራሽ ነው። ጭሮ ደርሰን ስናድር ውሃው በመኪናው ወለል ይንጠባጠብ ነበር። ረዳቱ ፌስታል ሸጉጦ ደፈነው፣ ነገር ግን ጥጡ የጠጣውን ጠጥቷል።

በማግስቱ ደግሞ ኬላ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብዬ ከድሬው ታይዋን ገበያ ስድስት አዲስ ብርድ ልብስ ገዝቼ ነበር፤ ከነፕላስቲካቸው፣ ያለ ደረሰኝ። ከድሬ የሚወጣ አዲስ ዕቃ ያለ ደረሰኝ ሲገኝ እንደሚጠየቅ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ፈታሾቹ ሥራቸውን ነው የሠሩት፣ አልፈርድባቸውም። ግማሹ ዕቃ ወረደ፣ ለቤተሰብ መሆኑን አይተው ከሦስት ሰዓት በኋላ ለቀቁን። የማውረጃውና መልሶ የመጫኛው ወጪ የኔ ነው፣ 600 ብር። ያኔ ነው የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከአንዱ ጫኝ ልጅ እጅ ያመለጠው። ድምፁን ከጋቢና ሰማሁት። ሸክላው ከመሀል ለሁለት ተከፍሏል። ልጁ ደንግጦ ቆሞ ሲያየኝ ምንም ማለት አልቻልኩም። ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣብኝ ብርድ ልብስ ደግሞ፣ ደብረ ብርሃን ራሷ ፋብሪካው ያላት ከተማ ናት።

ስለ አዲስ አበባ ብዙ አልልም። የጭነት መኪና በቀን እንደ ልቡ ስለማይንቀሳቀስባት እስኪመሽ ጠበቅን፤ በሌሊት በሰንዳፋ አድርገን ቀሪውን 130 ኪሎ ሜትር ተጓዝን። ሐምሌ 21 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ደረስን። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ባለቤቴ ጋቢ ተከናንቦ በእጅ ባትሪ እያበራ ጠበቀን።

ሲነጋ ጫኝና አውራጆቹ መጡ። «2,500 ብር» አሉ። እኔ የያዝኩት 500 ነው። «ዛሬ ማርያም ናት፣ እናንተን ብለን ነው የመጣን» አለ አንደኛው። ገብርኤልን አልፌ ማርያም ላይ ወደቅሁ። ዝናብ እየጣለ፣ ሹፌሩ ሌላ ጭነት እየጠበቀው፣ ምን ብዬ ልከራከር? በራሳችን እናውርድ ስንል ደግሞ አይሆንም አሉ። የግቢው ባለቤት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በበትራቸው ተደግፈው ወጡ። «ልጆቼ፣ እንግዳ እንዲህ አይቀበሉም። የእናታችሁን ቀን አክብሩ» አሏቸው። በ1,200 ተስማማን። ሥራው ከባድ ነው፣ ልጆቹም እንጀራቸው ነው። ነገር ግን ዋጋው አስቀድሞ የሚታወቅና የተለጠፈ ቢሆን ደክሞት የገባ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ባልተጨቃጨቀ። ይህን የከተማ አስተዳደሮች ሁሉ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

አዲሱን የምጣድ ሸክላ በ350 ብር ገዛሁ። እናቴ የጎመን ዘር ቆልታና ወቅጣ ሦስት ቀን እያመላለሰች አሟሸችው። ቤቱ በጎመን ዘር ጭስ ታፈነ፣ ግን የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑን አወጣ።

ማታ ደብተሩን አውጥቼ ደመርኩ። 30,200 ብር። ካሰብኩት 4,750 በልጧል፤ መጠባበቂያውን ጨምሮ ያልታሰበው ወጪ 5,750 ብር ነው ማለት ነው። ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ አየሁት። መኪናው ድሬ ላይና ቁልቢ መንገድ ላይ የቆመበት ሁለት ቀን 3,000፣ የሹፌሩና የረዳቱ ማደሪያና ምግብ 700፣ የኔ 400፣ በማርያም ቀን ለማውረጃ የጨመርኩት 700። በቀኑ ምክንያት የወጣው ይህ ብቻ 4,800 ብር ነው። ምጣዱና ኬላው ሲደመሩ 950። ቀኑን ለሹፌሩ ትቼ ያተረፍኩት ደግሞ 5,000 ነበር። ከዚህ ውስጥ የቀረኝ 200 ብር ነው፤ የእናቴን ፍራሽ ሳንቆጥር። ዛሬ ቤት የሚቀይር ወዳጅ ሲጠይቀኝ ስለ መኪና ዋጋ አልነግረውም። መንገዱ ላይ ያለውን ንግሥ፣ የክረምቱን ሰማይ፣ የሚፈርመውን ሰው፣ መኪናው ቢቆም ማን እንደሚከፍል ነው የምጠይቀው።

የፍራሹ ነገር ቀረ። ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን ፀሐይ የለም። ግድግዳ ላይ ብናስደግፈው ከሥሩ ውሃ ይወርዳል፣ ጥጡ መሽተት ጀምሯል። ሌላ መግዣ ብር አልነበረንም። እናቴ ሁለት ወንበር ገጥማ ፍራሹን አጋደመችው፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ቬንትሌተሩን ጎትታ አወጣች። ሰካችው። ያ የማውቀው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት፣ መብራት ሲጠፋ እየቆመ ሲመጣ እየተነሣ፣ ፍራሹን እያገላበጥን አደረቅነው። በአራተኛው ቀን እናቴ ተኛችበት። ቬንትሌተሩ አሁንም እሷ ክፍል ነው ያለው።