ምን ቀምሶ ነው የሞቀው?

ባለ ቲዩብ ዳክ የገዛ ሰው ሁለት ነገር ያቅተዋል፤ ዝም ማለትና ዋጋውን ለሚስቱ መናገር። ዳክ በቁጥር የተቀመጠን ሙዚቃ መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ ዕቃ ነው። ስልክ ውስጥም ኮምፒውተር ውስጥም አለ፤ ግን ስለማይታይ እንግዳ አይጠራበትም። የወዳጃችን ዳክ ክዳኑን በስተው የወጡ ሁለት የመስታወት ቲዩቦች አሉት። ስለዚህ ተጠራን። ቡና ቀረበ፤ ምላስ ተሳለ።

«ስሙት እስቲ፤ ድምፁ እንዴት ሞቅ እንዳለ!»

«ምን ቀምሶ?»

«ቀልድህን ተወው። ወፈር፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ነው።»

«የሞቀውስ ክዳኑ ነው። ጀበናውን እዚህ ላይ ብታሳርፉት በረካው ሳይበርድ ይደርሳል።»

ሙቀቱስ እውነት ነው። ቲዩቡ ውስጥ ያለችው ክር 6.3 ቮልት ስታገኝ ትግላለች፤ ስትግል ኤሌክትሮን ይፈልቃል፤ መንገዱ ላይ የቆመች ወንፊት ደግሞ ሲያሻት ታሳልፋለች፣ ሲያሻት ትከለክላለች። ይህችን ወንፊት አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት የጨመራት እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ሬዲዮው፣ ስልኩ፣ ሲኒማው በእሷ ፈቃድ ሲያልፍ ኖረ፤ በ1947 ቤል ላብስ በሚባለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ትራንዚስተር ሲወለድ ጡረታዋ ተቃረበ።

«እና ጡረተኛዋን ነው ወደ ሥራ የመለስካት?»

«በልምዷ!» አለ ባለ ዳኩ። ጥሩ መልስ ነው፤ ይመዝገብለት።

ቀጠለና ወደ ቲዩቦቹ እያመለከተ «ቁጥሩን ዜማ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው» አለን። ኢንጂነሩ ጓደኛችን ስኒውን አስቀመጠ።

«እነሱማ ማንበብም አይችሉ። የሲዲ ሙዚቃ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ፣ እያንዳንዱ ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ የተቀመጠ ነው። ያን ሁሉ አንብቦ የሚለውጠው ከሥር የተደበቀው፣ ጥፍር የማያክል ቺፕ ነው። ቲዩቡ ሥራው ካለቀ በኋላ በር ላይ ቆሞ ይሸኛል።»

«ታዲያ ሠራተኛው ለምን ተደበቀ? ሸኚው ለምን ከላይ ተቀመጠ?»

«አንተ ደግሞ፣ መሥሪያ ቤት ገብተህ አታውቅም?»

ባለ ዳኩ ወሬ ለማስቀየር መብራቱን አጠፋ። «አሁን እዩት፤ ሲያበራ አያምርም?» ቲዩቦቹ ፍም መስለዋል። በወጣትነታቸው የፊሊፕስና የግሩንዲግ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩት ጎረቤታችን ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ከቲዩቡ መሰኪያ ሥር፣ በቀዳዳው በኩል፣ ምስር የምታህል ብርቱካናማ ኤልኢዲ ቦግ ብላለች።

«ልጄ፣ የሚያበራልህ ቲዩቡ አይደለም። ከሥሩ አምፖል ደብቀውበታል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ! ለጌጥ ነው እኮ።»

«ለጌጥ ይሁን። በስንት ቮልት ነው የሚሠራው?»

«በ12።»

«ውስጡ የሚያሳድግለት ነገር አለ?»

«እኔ እንጃ።»

«ከሌለማ ይሄ ሁዳዴ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ቲዩብ በፍስክ ቀኑ ከ100 እስከ 250 ቮልት ነበር የሚያገኘው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ቲዩብ አይወዱም ማለት ነው?»

«ቲዩብ ሲያበላኝ ነው የኖረው። ግን ዘመንህ ይገርመኛል። እኛ ይህን ነቅለን ስንጥል ዘመናዊ ተባልን፤ አንተ ገዝተህ ስትተክል የረቀቀ ተባልክ።»

ባለ ዳኩ እጅ አልሰጠም። ከመሳቢያ በጥጥ የተጠቀለለ መለዋወጫ አወጣ። እነዚህ ሰዎች አንድ ቲዩብ አይበቃቸውም፤ እየነቀሉ እየተከሉ «ይሄኛው ለዋሽንት፣ ያኛው ለክራር» እያሉ ሲያማርጡ ያመሻሉ።

«ይህ ከሩሲያ የመጣ ነው። ወታደራዊ። በሚግ አውሮፕላን ውስጥ የነበረው ዓይነት!»

ታሪኩስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 የሶቪየት አብራሪ ቪክቶር ቤሌንኮ ሚግ-25 ይዞ ኮብልሎ ጃፓን ሃኮዳቴ አረፈ። አሜሪካኖች አውሮፕላኑን ፈታተው ሲያዩት በውስጡ ብዙ ቲዩብ አገኙ።

«ያን ሁሉ ቲዩብ ታቅፎ፣ ጃፓን ምን ፍለጋ ሄደ?»

«ትራንዚስተር ፍለጋ!»

ባለ ዳኩ ሁለተኛውን አወጣ። «ይሄ ደግሞ ጥንታዊ ቴሌፉንከን ነው። ገልብጠህ እየው፤ በእግሮቹ መሃል መስታወቱ ላይ የአልማዝ ቅርጽ አለ። እውነተኛነቱ በሱ ነው የሚታወቀው።»

«ሰው በግንባሩ ይታወቃል፤ ያንተ ዕቃ በመቀመጫው?»

እሱ ግን ቲዩቡን ሰክቶ፣ ክሩ እስኪግል ጠብቆ፣ መስታወቱን በእርሳስ ጫፍ ነካ አደረገው። ከሁለቱም ስፒከር «ትንንን» የሚል ድምፅ ወጣ።

«አያችሁ? ሕይወት አለው!»

«ሕይወትስ አለው። ግን እርሳስ ሲነካው እንዲህ ካለ፣ ሲኖትራክ በደጅ ሲያልፍ ምን ሊል ነው?»

አሁን ፍርድ ስጡ ካላችሁን፣ ባለ ዳኩ የሚሰማው ነገር ሁሉ ቅዠት አይደለም። ቲዩብ ያዛባል፤ አዛብቶ ግን በወጉ ነው። 440 ኸርዝ ላይ ያለች ድምፅ ስትገባበት፣ 880 ላይ ያለችውን በትንሹ ጨምሮ ያወጣታል። ይህች አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለች ያቺው ድምፅ ናት። የአዝማሪ ተቀባይ ማለት ነው፤ ዘፈኑን አይቀይርም፣ ከላይ ሆኖ ይደግፋል። ጆሮም ስሕተት ብሎ አይከሰውም፤ «ወፈር አለ» ብሎ ያመሰግነዋል።

«በአጭሩ ይዋሻል በለኛ!» አለ ኢንጂነሩ።

«ይዋሻል፤ ከቅኝቱ ግን አይወጣም።»

ችግሩ ባለ ዳኩ በዚህ አለመርካቱ ነው። «ይህ እኮ ትክክለኛው ድምፅ ነው፤ ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን ጸጥታ ስሙት» አለን። ዘፈኑ ከአምሃ ሪከርድስ ዘመን ሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ ሲጋባ የመጣ ነው።

«ሹሹታውን ነው ጸጥታ የምትለው?»

«ከድሮው ዳኬ ጋር አወዳድሬዋለሁ! የትና የት!»

«ቮልዩሙን አስተካክለህ ነው?» አለ ኢንጂነሩ። «ለሲዲ ማጫወቻ የተለመደው 2 ቮልት ነው። ያንተ ቲዩብ ከዚያ በላይ ካወጣ ያማረልህ ስለጮኸ ነው። ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ የተሻለ አድርጎ ነው የሚሰማው።»

የሁለቱን ዳኮች ቮልዩም አስተካከለና፣ ገመዱን እየቀያየረች እንድትሰካ የባለ ዳኩን ባለቤት ለመናት። ባልየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«አሁንስ?» አለች።

«ይሄ ቲዩቡ ነው! ስሙት ያን ስፋት! ዘፋኙ እኮ ሳሎን ገብቷል!»

«ሳሎን የገባው በድሮው ነው። ያንተን ከሶኬቱ ከነቀልኩት ቆየሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኢንጂነሩ ግን ድል አሰከረውና ተራው ደረሰ።

«ለዚህ ነው በጆሮ ሳይሆን በመሣሪያ የምለካው። እኔ ቤት ያለው ቺፕ ንጽሕናው 120 ዴሲቤል ነው።»

«ሲዲው ራሱ ስንት ይይዛል?»

«96 ገደማ።»

«የተረፈው 24 ለማን ነው?»

«…»

«ለሰፈሩ ውሻ ይሆናላ!»

«ደግሞ ሳሎንህ ውስጥ ፍሪጁ ያንጎራጉራል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ከበላይህ ያለው ጎረቤት ወንበር ይጎትታል። 120 ዴሲቤሉን የት አግኝተህ ነው የሰማኸው?»

«ወረቀቱ ላይ።»

«እንግዲያው ጓደኛሞች ናችሁ። አንተ ማንም የማይሰማውን ትለካለህ፤ እሱ ማንም ያልለካውን ይሰማል። ዘፋኙን የሰማው የለም።»

ባለ ዳክ ለሆናችሁ ሁሉ ምክራችን አጭር ናት። «ወደድኩት» በሉ፤ ማንም ምንም አይላችሁም። የቲዩቡ ፍካት፣ ክሩ እስኪግል የምትጠብቋት ያቺ ጥቂት ጊዜ፣ በላዩ ላይ የሚጨምራት የኦክታቭ ቅመም፣ ሁሉም የእናንተ ነው። «እውነተኛው ድምፅ ይሄ ብቻ ነው» ያላችሁ ዕለት ግን ቺፑ ይመሰክርባችኋል፤ ቺፑ ቢምር እኛ አንምርም።

ባለ ዳኩ በመጨረሻ ተነፈሰ። «እሺ፤ በቃ ወደድኩት! አሁንስ?»

«አሁንማ አፋችንን ያዝከን» አልነው።

«እንዲህ በል እንጂ ልጄ» አሉ ጋሼ ስኒያቸውን እየመለሱ። «ለመውደድ ደግሞ ማን ማስረጃ ጠየቀህ? ሚስትህን ያገባሃት ለክተህ ነው?»

ባለቤቱ ዕጣኑን እየጨመረች ቀና አለች።

«እሱን ተዉት ጋሼ። እኔ ለክቼው ቢሆን ኖሮ አገባው ነበር?»