ምራቅ ሳይደርቅ፦ አስቤዛን በዕለቱ ስለ ማድረስ የቀረበ ጥናት

አስቤዛ በታዘዘበት ቀን ደጃፍ ድረስ እንዲመጣ ማድረግ የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ፈጠራ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ይህ ጥናት እምነቱን በትሕትና ውድቅ ያደርጋል። በኢትዮጵያ ከተሞች ያደገ ሰው ሁሉ ከፊደል ቆጠራው በፊት የዚህ አገልግሎት ሠራተኛ ነበር። አሠራሩ የታወቀ ነው፦ አንድ ትልቅ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሣ «ማነህ አንተ ልጅ!» ይላል፤ ብቅ ያለው ልጅ የጎረቤት ቢሆንም ውሉን አያፈርሰውም፤ ብር ይሰጠዋል፣ ትእዛዙ በቃል ይነገረዋል፣ «መልሱን እንዳትጥል» የሚል የአደራ አንቀጽ ይታከልበታል። በመጨረሻ አዛዡ መሬት ላይ እንትፍ ይልና «ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ ና» ይላል። የማድረሻ ጊዜን በምራቅ የሚለካው ይህ መስፈርት የሚደነቀው የአየር ጠባይን ከግምት ማስገባቱ ነው። በግንቦት ድሬዳዋ ላይ የተላከ ልጅ ገና ሳይነሣ አርፍዷል፤ በነሐሴ ደብረ ብርሃን ላይ የተላከው ግን እስኪመሽ ኳስ ሲጫወት ቢውልም ውል አፍርሷል አይባልም።

የዘመኑ ዴሊቨሪ ይህንን መስፈርት ትቶ «በዕለቱ» የሚል ቃል ይዞ መጣ። ቃሉ ሲመረመር ከምራቅ የላላ ሆኖ ይገኛል። ዋሽንግተን ውስጥ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት የታዘዘ ወተት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ቢደርስ አንድ ቀን ዘግይቷል። ያው ወተት በዚያው ሰዓት አዲስ አበባ ቢደርስ ገና አልነጋምና በዕለቱ ደርሷል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ ቀን የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት ስለሆነ፣ ማክሰኞ ማታ የታዘዘ ሽንኩርት የረቡዕ ሽንኩርት ነው፤ እስከ ረቡዕ አመሻሽ ቢቆይ ማንም ሊቆጣ አይገባውም። ወተት ቢሆን ኖሮ ረቡዕ ጾም ስለሆነ ጉዳዩ ከዚህ ጥናት አቅም በላይ በሆነ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አስቤዛ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ «ስፔዛ» የገበያ ዕቃም ነው፣ ወጪም ነው። እኛ ቃሉን ስንዋስ ዕቃውን ይዘን ወጪውን እዚያው ጥለን መጣን። የዚህ ጥናት ክርክር የተጣለውን ግማሽ ማንሣት ብቻ ነው። ሽንኩርት እግር የለውም። ከሱቅ እስከ ቤት ያለው መንገድ የግድ በሆነ ሰው እግር፣ ወይም የሆነ ሰው በሚነዳው ጎማ ይኬዳል። ስለዚህ ምቾት የምንለው ነገር መንገዱን በአንድ ስንዝር እንኳ አያሳጥረውም፤ መንገደኛውን ይቀይረዋል እንጂ። የሚቀረው ጥያቄ የእግሩን ዋጋ ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

በጥንታዊው ሥርዓት ክፍያው «እደግ» ነበር። የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይህን ምንዳ ከባዶ ጋር ሊያስተካክሉት ይከጅላቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ተላላኪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ማደጋቸው በዓይን የሚታይ ስለሆነ ክፍያው አልተፈጸመም ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ሴት ልጅም በበኩሏ «እደጊ» ትባላለች፤ ስትመለስ ደግሞ ያመጣችው ሽንኩርት ራሱ እስኪከተፍ ይጠብቃታል፤ ይህም ዴሊቨሪና ኩሽና በአንድ ሠራተኛ የተጠቃለሉበት፣ ባለሀብቶች እስከ ዛሬ ያልደረሱበት ቅንጅት ነው። ከዚህ ሌላ ባለሱቁ ዝርዝር ሲያጣ በመልስ ፋንታ የሚሰጣት ከረሜላ ነበረች። ከረሜላዋ በሕግ የአዛዡ ገንዘብ ስትሆን በተግባር ግን ሱቁና ቤቱ መካከል ትጠፋለች። ትእዛዙ የሚቀመጠው በሠራተኛው አፍ ውስጥ ነው፤ «ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ክብሪት፣ አንድ ሳሙና» እያለ ይሮጣል፤ ድንጋይ ካደናቀፈው ክብሪቱ ይጠፋል። ይህ እንከን እንደሆነ ጥናቱ ያምናል። ሆኖም ልጁ የጠፋውን ለማምጣት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሁለተኛ ጊዜ ይላካል፤ ምራቁም እንደ አዲስ ይተፋል።

ባሕር ማዶ የሆነው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቋቋመው ኮዝሞ የሚባል ኩባንያ አይስክሬምና መጽሔት ሳይቀር በአንድ ሰዓት ውስጥ ያደርስ ነበር፤ ለማድረሻም አያስከፍልም። ዌብቫን የተባለው ደግሞ በ1999 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሥራ ጀምሮ አስቤዛውን ደንበኛው በመረጠው የ30 ደቂቃ ክፍተት ውስጥ አደርሳለሁ አለ፤ ለዚህም ሲባል የ1 ቢሊዮን ዶላር መጋዘኖች እንዲገነቡለት ተዋዋለ። ሁለቱም በ2001 ወደቁ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የካሊፎርኒያን ቲማቲም የእግር ዋጋ የከፈለው ቲማቲሙን ጨርሶ ያላየ ባለአክሲዮን ነበር። ልጁ መጋዘን አላስፈለገውም፤ የሰፈሩ ሱቅ ከእሱ በፊት ተከፍቶ ነበር። ትምህርቱ ግን አልተወሰደም። በ2015 ኢስታንቡል ውስጥ ጌቲር የሚባል ኩባንያ ተነሣና በደቂቃዎች ውስጥ አስቤዛ ማድረስ ጀመረ። ጌቲር በቱርክኛ «አምጣ» ማለት ነው። አንድ ድርጅት ራሱን በትእዛዝ አንቀጽ መሰየሙ የልጅን መላክ ጥንተ ነገር ለሚመረምር ሰው ታላቅ ማስረጃ ነው። በመጋቢት 2022 ባለሀብቶች «አምጣ»ን ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር ገመቱት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በርሊን ላይ የተቋቋመውን ጎሪላስን ጠቀለለ፤ በሚያዝያ 2024 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ወጥቶ ወደ ቱርክ ብቻ እንደሚመለስ አስታወቀ። ተልኮ የሄደ መጨረሻው ወደ ቤቱ መመለስ ነውና በዚህ በኩል ከሥርዓቱ አልወጣም።

ባለአክሲዮኑ ሲሰለቸው የእግሩ ዋጋ ማረፊያ ይፈልጋል። ከፊሉ በማድረሻና በአገልግሎት ክፍያ ስም ወደ ገዢው ይመጣል፤ ቀሪው አድራሹ ጫንቃ ላይ ይቀመጣል። ኢንስታካርት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሠራተኛው በአንድ ትእዛዝ ቢያንስ 10 ዶላር አረጋግጣለሁ ሲል፣ ደንበኛው የሚሰጠውን ቲፕ ለዚያው መሙያ ይቆጥረው ነበር፤ በ2019 መጀመሪያ ጩኸቱ ሲበዛ ይቅርታ ጠይቆ ተወው። አማርኛ ቲፕን ጉርሻ ስለሚለው ነገሩ ለእኛ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ ሰው አጉርሶህ ሳለ ባለቤት መጥቶ «እንግዲያውስ ከእራትህ ላይ ይቀነሳል» እንዳለ ቁጠረው። ኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ በ2023 መጨረሻ ለምግብ አድራሾች ቢያንስ በሰዓት 17.96 ዶላር እንዲከፈል ስታደርግ አስቤዛ አድራሾችን አላካተተችም። ሽንኩርቱ ወጥ ሆኖ ሲሄድ ሕግ ይከተለዋል፣ ጥሬውን ሲሄድ ግን ብቻውን ነው ማለት ነበር። ምክር ቤቱ የከንቲባውን ተቃውሞ ሽሮ ሁለቱን ሽንኩርቶች እኩል ለማድረግ እስከ 2025 ወሰደበት። አዲስ አበባ ጉዳዩን በአካል አሳይታለች፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ከተገደበ በኋላ አስቤዛውም ምሳውም በርከት ብሎ ፔዳል ላይ ወጣ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው መንገድ በየትኛውም አፕ ላይ ሜዳ ቢመስልም ሜዳነቱ በስሙ ብቻ ነው።

ተቃውሞዎች ይነሣሉ። መጀመሪያ የሚመጣው፣ ለታመመ፣ ለአራስ፣ ደረጃ መውረድ ለማይችል አዛውንት ይህ አገልግሎት ቅንጦት አይደለም የሚለው ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ጥናቱ አይሟገተውም። ኮሮና በገባበት በመጋቢት 2020 ኢንስታካርት ብቻውን 300 ሺህ ሠራተኛ እቀጥራለሁ ያለው ሰው ሰንፎ አልነበረም። ነገር ግን ጤነኛው ሰው ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስለ አራሷ ሲከራከር መስማት የተለመደ ሆኗል፤ አራሷ ውክልና መስጠቷን የሚያሳይ ሰነድ እስካሁን አልቀረበም። ሁለተኛው የአየር ብክለትን ይቀንሳል የሚለው ነው። ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እንዳሳዩት፣ አንድ የጭነት መኪና ለብዙ ቤት አስቤዛ ሲያደርስ እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱን መኪና ነድቶ ገበያ ከሚወጣ የሚለቀቀው ካርቦን ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል። ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ትልቁ ቅናሽ የሚገኘው ግን መኪናው መንገዱን ራሱ አቀናጅቶ ጎረቤት ከጎረቤት ሲዞር ነው። «አሁኑኑ» የሚል ገዢ ሲበዛ ቅንጅቱ ይፈርሳል፣ መኪናው ለአንድ እሽግ ፓስታ ከተማ ያቋርጣል። ንጽጽሩም ከመኪና ጋር ነው፤ ከልጁ ጋር ቢሆን ኖሮ ልጁ የሚለቀው ትንፋሽ ብቻ ነው፣ እሱንም ቤት ቢቀመጥ ይለቀው ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጊዜ ይቆጥባል የሚለው ነው። ይህ መጣራት አለበት፤ ገዢው የተረፈለትን ሰዓት ምን ላይ እንደሚያውለው ግን ማንም ያውቃል። ስልኩ ላይ አድራሹን የምታሳየውን ነጥብ ይከታተላል። ነጥቧ መገናኛ ላይ ስትቆም ልቡ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ስትዞር ብድግ ይላል። ሱቅ ደርሶ የሚመለስበትን ሃያ ደቂቃ ሌላ ሰው ሱቅ ደርሶ ሲመለስ በማየት ያሳልፋል። በዚህ መካከል የቀሩበት ነገሮችም አሉ፦ ቲማቲሙን ጨበጥ አድርጎ የሚመርጥለት የራሱ እጅ፣ ባለሱቁ ሚዛኑ ላይ የሚጨምርለት ምርቃት፣ የወር መጨረሻ ሲደርስ የምትከፈተው የዱቤ ደብተር። አፕ አይመርቅም፤ ዱቤም ቢሰጥ እንደ ባለሱቁ «ሲመችህ» አይልም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። አገልግሎቱ ይቀጥል፣ ዋጋው ግን ደረሰኙ ላይ በስሙ ይጻፍ፦ «የእግር» ተብሎ፤ ከጉርሻው ተለይቶ፣ ለሄደው ሰው እንዲደርስ ሆኖ። የተላከው ከልጅነት አልፎ ያደገ ሰው ስለሆነ «እደግ» ከእንግዲህ አይበቃውም። ይህን የሚያነቡት ትእዛዝ ሰጥተው እየጠበቁ ከሆነና ቤትዎ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ፣ ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ወርደው ይቀበሉት።