እስቲ ተቃቀፉ!

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ሰላምታው አጥሯል። "እንደምን አለህ፣ ቤተሰብ ደኅና?" ቀረና በቀጥታ "ፎቶ አለህ?" ሆነ። የምን ፎቶ ብዬ መጠየቁንም ትቻለሁ። የሚፈለገው የእህቴ ልጅና ባሏ አብረው ያሉበት፣ ሁለቱም ዓይናቸውን የገለጡበት፣ ቢቻል የተቃቀፉበት፣ ከጎናቸው ዘመድ የሚታይበት፣ ዘመዱ ግን የማይጋርዳቸው ፎቶ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ በቤተሰባችን ተነሥቶ አያውቅም።

ልጅቱ ያገባችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ዜግነት የቀየረ ያገራችንን ልጅ ነው። ጥር 2016 ላይ ከአሠሪው በልመና ያገኛትን ፈቃድ ይዞ መጣ፣ አገባ፣ የመልሱን ዶሮ ውጦ ሳይጨርስ ተመልሶ በረረ። እሷ "ፕሮሰስ ላይ" ቀረች። ፕሮሰስ ላይ መሆን ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አላስረዳም፤ በየግቢው አንድ አለ። ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው አዲስ ሥራ አይጀምርም፣ ሶፋ አይገዛም፣ ዕቁብ ሲገባ እንኳ "የመጀመሪያውን ዕጣ ስጡኝ" ይላል። ባሏ ያለበት አገር ሰዓት ከእኛ በሰባት ወደኋላ ስለሆነ (በእነሱ ክረምት ስምንት ይሆናል) ሌሊት ትነቃለች፣ ቀን ቢሮ ታንቀላፋለች።

ስለ ክፍያው ብዙ አልልም። የሚስት ማመልከቻ አሜሪካኖቹ በ2024 ባወጡት ተመን በወረቀት 675፣ በኢንተርኔት 625 ዶላር ነው። ቀጥሎ ኒው ሃምፕሸር፣ ፖርትስመዝ ያለው የቪዛ ማዕከል ለቪዛው 325፣ ለስፖንሰሩ ወረቀት ደግሞ 120 ይላል። ባልየው ይክፈል። እሱን የያዘው የዶላር ጣጣ ነው፤ እኔን የያዘኝ የፎቶ ነው።

ፎቶ ጠያቂው የአሜሪካ መንግሥት እንዳይመስላችሁ። ፎርም የሚሞላላት ልጅ ነው። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ይዞ በየቀኑ የሰው ትዳር የሚመረምር፣ ገና ያላገባ ልጅ። የሠርጉን አልበም ገጽ በገጽ ገለጠና "እህቴ፣ በዚህ አያያዝ ባልና ሚስት አትመስሉም" አላት። እህቴ ሦስት ቀን አልተኛችም።

ልጁ ላይ ልቆጣ ተነሥቼ ነበር። ከዚያ አልበሙን ራሴ አየሁት።

እኛ ካሜራ ፊት እንዴት እንደምንቆም የታወቀ ነው። የአባቴና የእናቴ ፎቶ እስካሁን ሳሎን ተሰቅሏል። አባቴ የስቱዲዮውን ኮት ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እናቴ ከጎኑ ቆማለች፤ ከኋላቸው ሥዕል የሆነ ሐይቅ፣ ከፊታቸው የፕላስቲክ አበባ። ሁለቱም ካሜራውን በቁጣ ያያሉ። በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከዚያ ፎቶ በኋላ ሰባት ልጅ ወልደዋል። የያኔው ፊልም የሚያነሣው 36 ነበር፤ ሳቅ ላይ የሚባክን አልነበረም። ደግሞስ ማንን ለማሳመን ይተቃቀፉ? ፎቶው የሚላከው ለአያት ነው፤ አያት ባልና ሚስት መሆናቸውን ታውቃለች፣ ማየት የምትፈልገው መክሳት አለመክሳታቸውን ነው።

አሁንማ ዘመን ተለውጧል ትሉ ይሆናል። የተለወጠው ካሜራው ነው። የእህቴን ልጅ አልበም ውሰዱ። ድሮን ተከራይተናል፤ ድሮኑ ያነሣው የድንኳኑን ጣሪያ ነው። በዚያ ሠርግ በጣም ብዙ ብር የወጣበት ፎቶ ከላይ የታየ ሸራ ነው። ቀጥሎ የዳቦ ገጾች አሉ፤ ዳቦው ከፊት፣ ዳቦው ከጎን፣ ዳቦው ሲቆረስ። ቀጥሎ "ፎቶ ፕሮግራም" የሚባለው፤ ሙሽራው ብቻውን ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደማይታወቅ ቦታ ሲሄድ፣ ሙሽሪት ብቻዋን ዛፍ ተደግፋ ስታስብ። አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ብቻቸውን አይደሉም። በመካከላቸው የሙሽራው እናት አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሚዜዎች፣ ከሚዜዎቹ ቀጥሎ የዕድር ሊቀ መንበር፣ ዳር ላይ ማንም የማያውቀው ወፍራም ሰውዬ። ይሄ ሰውዬ በሁሉም ገጽ አለ። ቪዛው በፎቶ ብዛት የሚሰጥ ቢሆን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄደው እሱ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ሽፋኑ ነው። በወርቅ ቀለም፣ በትልልቁ፣ "2016" ተጽፎበታል። ፎርሙ ጋብቻው ጃንዋሪ 2024 ነው ይላል። በእነሱ 2016 ልጅቱ የአሥረኛ ክፍል ፈተና እያጠናች ነበር። አልበሙን ያየ ፈረንጅ ወይ ከትምህርት ቤት ጠልፈን ድረናታል ይላል፣ ወይ ስምንት ዓመት ደብቀናል ይላል።

ስለዚህ ባልየው ባለፈው ፋሲካ ሲመጣ ፎርም ሞይው ዘዴ አመጣ። "ልብስ ቀያይራችሁ የተለያየ ቦታ ተነሡ።" ከሽሮ ሜዳ አንድ ተጨማሪ የሀበሻ ቀሚስ ተገዛ፤ ኤምባሲውም እዚያው ሰፈር ስለሆነ በአንድ ታክሲ የሚጠናቀቅ ጉዳይ ነው። ወደ እንጦጦ ፓርክ ወጣን፤ በማግሥቱ ቢሾፍቱ ወረድን። እኔ የተጠራሁት ዘመድ ሆኜ ከጎን እንድቆም ነው። ፎቶ አንሺው "እስቲ ተቃቀፉ!" ይላል፣ ልጆቹ እኔን ያያሉ፣ እኔ ዛፍ አያለሁ። "ጋሼ፣ እርስዎም ትንሽ ፈገግ ይበሉ እንጂ" ይለኛል አማቹ። በምን ልስቅ? የእህቴን ልጅ ሲያቅፍ እያየሁ የምስቅ አጎት መሆኔን በዶክመንት ላስመዘግብ?

ፎቶዎቹ ታጥበው መጡ። በገና ልብስም፣ በፋሲካ ልብስም፣ በእንቁጣጣሽ ልብስም ያችው ሹሩባ፣ አንዷም ዘለላ ሳትፈታ። እኔም በሦስቱም በዓል ያንኑ ግራጫ ሹራብ ለብሻለሁ፤ ቅያሪ ያዝ ያለኝ ሰው አልነበረም። እህቴ አየቻቸውና "ይሄማ ውሸት ነው፣ አይላክም" አለች። ልጆቹ በቤተ ክርስቲያን የተጋቡ፣ ማዘጋጃ የፈረሙ፣ እኔው ራሴ ቆሜ የዳርኳቸው ናቸው። እውነተኛ ለመምሰል ሲሞክሩ ሐሰተኛ መሰሉ።

በ1990 በፈረንጅ የወጣ "ግሪን ካርድ" የሚባል ፊልም አለ፣ ፒተር ዊር ነው የሠራው። ለወረቀት ብለው የተጋቡ ሁለት ሰዎች መርማሪ ሲመጣባቸው የሕንፃቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው ልብስ እየለዋወጡ የሽርሽር ፎቶ ይነሣሉ። ያምርባቸዋል። ተዋናዮች ናቸዋ! ሐሰተኛ ባልና ሚስት ጎበዝ ፎቶ ያነሣል፤ አንሥቶ ያስቀምጣልም። ማስረጃ እንደሚያስፈልገው ገና ከመጀመሪያው ያውቃላ። እውነተኛው ግን በጫጉላው ጊዜ ስለ ፋይል አያስብም።

እስቲ መመሪያው ራሱ ምን ይላል ብዬ አይ-130 የሚባለውን የማመልከቻ መመሪያ አነበብኩ። ጋብቻው የእውነት መሆኑን ለማሳየት የሚጠይቀው ይሄ ነው፦ በጋራ የተያዘ ንብረት፣ በጋራ የተከራዩት ቤት ውል፣ የተቀላቀለ ገንዘብ፣ አብረው የወለዱት ልጅ የልደት ወረቀት፣ ትዳሩን የሚያውቁ ሰዎች ቃለ መሐላ። ፎቶ በዝርዝሩ ስሙ አልተጠራም፤ "ሌላ አግባብ ያለው ማስረጃ" የሚለው ጓዳ ውስጥ ነው የተሸጎጠው። በስም የተጠየቀው ፎቶ ሌላ ነው፤ አምስት ሴንቲ ሜትር በአምስት ሴንቲ ሜትር፣ ነጭ ጀርባ፣ ያለ መነጽር፣ ባል ለብቻው፣ ሚስት ለብቻዋ።

አሁን ያን ዝርዝር እንደገና አንብቡት። ቤት አብራችሁ ተከራዩ። ገንዘባችሁን ቀላቅሉ። ውለዱ። ማን? እሱ ሜሪላንድ፣ እሷ አዲስ አበባ ተለያይተው የተቀመጡት ሰዎች? የሚለያያቸው እኮ ይኸው ወረቀት ነው! አብሬ ልኑር ብሎ ፈቃድ የሚለምንን ሰው መጀመሪያ አብረህ እንደምትኖር አስረዳ ማለት ጥንቃቄ አይደለም፤ ድፍረት ነው። እሺ፣ እስከዚያው ለጉብኝት ልሂድና ባሌን አይቼ ልምጣ ብትል ደግሞ ባልሽ እዚያ ነው፣ አትመለሺም ተብላ ትጠረጠራለች። ለጉብኝት ቪዛ ትዳሯ በዛ፤ ለትዳር ቪዛ ትዳሯ አነሰ። በዚህ ላይ በ1986 በፈረንጅ የወጣ ሕግ አላቸው። በእሱ መሠረት ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው የገባች ሚስት የሚሰጣት የሁለት ዓመት የሙከራ ካርድ ነው። ሊያበቃ ሲል በመጨረሻዎቹ 90 ቀናት ውስጥ ሁለቱ አብረው ፈርመው አሁንም ተጋብተን አለን ማለት አለባቸው፣ እንደገና ከነማስረጃው። ያ ሕግ ሲወጣ ከእነዚህ ጋብቻዎች ከመቶ 30ው ያጠራጥራል ተብሎ ነበር፤ ኋላ ጥናቱ ያን ቁጥር መሸከም የማይችል ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ወደቀ፣ ሕጉ ቆመ። ሰው በገዛ ሚስቱ ተጠርጣሪ ሆኖ ስንት ዓመት ይኖራል?

ቡና ጠጣሁና ትንሽ በረድ አልኩ።

የበረድኩት በቪዛው ኢንተርቪው ልምምድ ምክንያት ነው። ልጅቱን ማታ ማታ እናለማምዳታለን፤ እህቴ ቆንስል ትሆናለች። "እንጋባ ብሎ የጠየቀሽ መቼና የት ነው?" ስትላት ልጅቱ ዝም አለች። እውነቱን ብትናገር የጠየቃት ባሏ አይደለም። የጠየቁት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የጠየቁትም እሷን ሳይሆን አባቷን ነው፤ እሷ ያኔ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

የዚያን ቀን ነገር ትዝ አለኝ። ሽማግሌዎቹ በጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አባትየው ነገሩን ከወር በፊት ያውቃል፤ በጉ ሁሉ ታስሮ እየጮኸ ነው። ግን "ዱብ ዕዳ ነው የሆነብኝ፣ ዘመድ ልጠይቅ" ብሎ ሌላ ቀጠሮ ሰጣቸው። እስከ ቀጠሮው ሰባት ቤት ተቆጠረ። የልጁ አያት አገር ጎጃም ድረስ ሰው ተላከ፤ ዘሩ፣ ዕዳው፣ በሽታው ተጣራ። ዶክመንት ይጎድላል ተብሎም አንድ አጎቱ ከደብረ ማርቆስ ተጠርተው መጡ። አመልካቹ ራሱ በሌለበት የሚካሄድ ኢንተርቪው ነበር፤ አሜሪካኖቹ ቢያንስ ባለጉዳዩን መስኮት ላይ ያቀርባሉ። እና እኔም ከቆጣሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ስለ መጠርጠር ድምፄን ከፍ አድርጌ ባልናገር ይሻላል።

ልዩነቱ እኛ ፎቶ አለመጠየቃችን ነው። የጠየቅነው ጎረቤቱን ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችንም በዚህ ይስማማል፤ ማዘጋጃ ሲፈረም ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምስክር ይቆማል፤ ወረቀት ከጠፋም ቤተሰቡና አካባቢው ባልና ሚስት ብሎ የሚያውቃቸው ሰዎች ባልና ሚስት ናቸው። ለነገሩ አሜሪካኖቹም ቃለ መሐላ ይቀበላሉ ብያችኋለሁ። ፎርም ሞይው ይሄን ንቆት ነበር፤ "ደብዳቤ ያን ያህል አያሳምንም" ይላል። እኔ ግን እየጻፍኩ ነው።

ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የተወለድኩበት ቀንና ቦታ፣ ከዚያ ትዳሩን እንዴት እንዳወቅሁ። አድራሻው ላይ ትንሽ ቆይቻለሁ፤ "ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ" ለፖርትስመዝ ሰው ምን ይለዋል? እንዴት አወቅህ የሚለው ግን አልከበደኝም። ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። የምንኖረውም አንድ ግቢ ነው፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ እሱ ከሥራ ሲወጣ፣ ስልኳን ይዛ ስትስቅ እሰማለሁ። በማግሥቱ ሥራ ያለበት ሰው ለወረቀት ካገባው ባል ጋር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አይስቅም። ይሄን በእንግሊዝኛ አጽፌ እፈርምበታለሁ።

ፋይሉ ተራ እየጠበቀ ነው። ወፍራሙ ሰውዬ ማን እንደሆነም እስካሁን አልታወቀም፤ በእኛ በኩል የሙሽራው ዘመድ ነው ይባላል፣ በእነሱ በኩል የእኛ።

የሠርግ አልበም የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ድሮኑን ከድንኳኑ ጣሪያ አውርዱት፣ ዳቦውን አንዴ ካነሣችሁት ይበቃዋል፣ ሁለቱን ልጆች አማት ሳትገባ አንድ ላይ አንሷቸው። ሽፋኑ ላይ ዓመቱን በወርቅ ስትጽፉም የፈረንጁን አብራችሁ ጻፉበት።