ይነቀል ስል ይለበጥ አሉኝ

በኛ ጊዜ የጥርስ ነገር አጭር ነበር፤ ወይ ያኝካል፣ ወይ ይነቀላል። ሕመሙ ሲብስ ቅርንፉድ ይነከስበታል፣ በአረቄ ይጉመጠመጡበታል፣ አልመለስ ካለ ጉጠት ይታዘዝለታል፣ አለቀ። ዛሬ ጥርስ ሞቶ እንኳ አይሰናበትም። ነርቩን ያወጡለታል፣ ሥሩን ያጥቡታል፣ ይሞሉታል፣ ዙሪያውን ሞርደው አዲስ ልብስ ያለብሱታል። ለእኔ ለባለቤቱ ለፋሲካ ኩታ የገዛልኝ የለም።

ሁሉን ያመጣው ቆሎ ነው። ቆሎውስ ምን አጠፋ፣ መሐሉ የተደበቀው ጠጠር እንጂ! የግራው መንጋጋዬ ቀጭ አለና ግማሽ ጎኑ ከሽምብራው ጋር ወረደ። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ ማዘን ትተው፣ «አባዬ፣ ድሮ የቢራ ቆርኪ በጥርስዎ ይከፍቱ አልነበር?» እያሉ የጥንቱን ሁሉ ይቆጥሩልኛል። እከፍት ነበር። የሠርግ ቤት መክፈቻ መቼ ተገኝቶ ያውቃል?

ሐኪሟ የልጅ ልጄ እኩያ ናት። «አባባ፣ ይሄ ድሮም የተሞላ ጥርስ ነው። አሁን የቀረው አካል አዲስ ሙሌት አይሸከምም፣ ነርቩም ተነክቷል። ሥሩን አክመን ክራውን የሚባል ሽፋን እናድርግለት» አለችኝ።

«ንቀይውና ልሂድ፣ ልጄ።»

«ሥሩ ጤነኛ ነው እኮ! ከነቀልነው የጎንና ጎኑ ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ የላይኛውም ወደ ታች ይወርዳል።»

ዕድሜዬን ሙሉ በአጥር ጉዳይ ቀበሌ ስመላለስ የኖርኩ ሰው፣ አፌ ውስጥም ጎረቤት ድንበር ይገፋል ማለት ነው?

ነርቩ ከወጣ በኋላ ሕመሙ ጸጥ አለ። በቃ ደህና ሆነ ብዬ ስነሳ፣ «ገና ነው» ተባልኩ። እንዲህ ብዙ አካሉ የሄደ መንጋጋ ሳይሸፈን ቢኝኩበት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እስከ ሥሩ ከወረደ ደግሞ የሚያድነው የለም። እሺ፣ ይሸፈን። ለመሸፈን ግን መጀመሪያ ይሞረዳል! ከላይ እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ከጎን 1 ሚሊሜትር ገደማ። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ልባስ ከአጥንትም ጭምር እንደሚጠነክር፣ አንዴ ከሄደም ተመልሶ እንደማይበቅል የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ነግራኝ ስታበቃ መሞረጃውን አነሳች። ለሽፋኑ ውፍረት ቦታ ካልተለቀቀለት ከሌሎቹ በላይ ቆሞ አፍ አያስገጥምም አለች። መልስ እንዳልሰጣት ከንፈሬ በማደንዘዣ ተይዟል።

ልክ ተወስዶ ወደሚሠራበት ላብራቶሪ ሄደ። እስኪመጣ ድረስ ጊዜያዊ ሽፋን ተደረገልኝና ማስቲካና ቆሎ ተከለከልኩ። ጾም ነው፤ ቡናውን በምን ልጠጣው?

«ወርቅ አድርጊልኝ» ብያት ነበር። ሳቀች። በኛ ዘመን ወርቅ ጥርስ ያለው ሰው ፎቶ ሲነሳ ይስቅ ነበር፤ የሌለው ኮስተር ይላል። ደግሞ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ወርቅ ስስ ሆኖ ስለሚሠራ ጥርስ ብዙ አያስሞርድም፣ ፊት ለፊቱ ያለውንም ጥርስ አይበላም። እሷም ይህን አልካደችም። ዋጋውን ስትነግረኝ አፌን ከፈትኩ እንዳልል፣ ቀድሞም ተከፍቶ ነበር። በብረት ላይ የሚለበጠው ፖርሴሊን ደግሞ ሊፈረፈር ይችላል፤ ድድ ሲሸሽም ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ዚርኮኒያ የሚሉት ነጩ ለመንጋጋ ጠንካራ ነው ተባለና በእሱ ተስማማን።

ነጭ ከሆነ አይቀር ወተት የመሰለውን ምረጪልኝ አልኳት። በተርታ የተደረደሩ የቀለም ናሙናዎች አምጥታ አንድ በአንድ ከጥርሴ ጋር ታስተያይ ጀመር። እኔ ወንጂ ያደግሁ ነኝ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ጥርሱ ገና ሲሠራ ያን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ስኳር ፋብሪካ ሥር አድጌ ስኳሩ ያላደረገኝን ውሃው አደረገኝ። ልጅቷም ብላ ብላ የደረደረችውን ሁሉ አልፋ መጨረሻ ካለው ጠይም ላይ ቆመች። «ይሄ ነው የሚመስለው፣ አባባ።» በአዲስ ብር አሮጌ ቀለም ገዛሁ!

የተለጠፈ ዕለት ባለ ቀለም ስስ ወረቀት እያስነከሰች «ይግጠሙ፣ ያፋጩ» ትለኛለች፤ ወረቀቱ ቀለም የተወበትን ትሞርዳለች፤ እንደገና «ይግጠሙ»። ስንት ዓመት ይቆያል ብላት፣ «ከ10 እስከ 15፣ ከጠበቁት ከዚያም በላይ» አለች። ማን ሊወርሰው ነው? ጥበቃውም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሽፋኑ ራሱ አይበሰብስም፤ ከሥሩ ያለው የገዛ ጥርሴ ግን ድዱና ሽፋኑ በሚገናኙበት ጠርዝ በኩል ሊበሰብስ ይችላል። ስለዚህ ብሩሽ ብቻ ሳይሆን ማታ ማታ በጥርስ መሐል ክር ማስገባት አለብኝ። የወይራ መፋቂያዬን ከኪሴ አውጥቼ ባሳያት፣ «እሱም ጥሩ ነው፤ መሐል ግን አይገባም» ብላ ክሩን ሰጠችኝ።

ባለቤቴ መስታወት ፊት ቆሜ ከክር ጋር ስታገል እያየች ትስቃለች። ሰሞኑን ደግሞ እሷም «መንጋጋዬን ያመኛል» ማለት ጀምራለች። አውቃታለሁ፤ ወርቁን ነው የፈለገችው።