ጉድና ጅራት ከወደ ሲፎን

ሸዋ ሮቢት ላይ የቤት ሚስጥር የሚቆየው ሲፎኑ እስኪደፈን ድረስ ነው።

ይፋት ቆላ ነው፤ ሰው ይታጠባል። ጠዋት ተነስቶ ይታጠባል፣ ለሶላት ይታጠባል፣ ከእርሻ ሲገባ ይታጠባል፣ ሙቀቱ ሲያበሽቀው በሽቆ ይታጠባል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ እንግዳ ጣርማ በር ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን አጣጥፎ፣ አርማኒያ ላይ ሹራቡን አውልቆ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሰላምታው በፊት “ውሃ አለ?” ይላል። ውሃማ አለ፤ ባይኖርም ይመጣል። ጣጣው ያለው መሄዱ ላይ ነው።

እኔ በምኖርበት ግቢ ተከራዩ ሁሉ የሚጋራው አንድ ሲንክ አለ። ከሥሩ ሁለት ኢንች የማይሞላ የፕላስቲክ ቱቦ ተሰክቶለታል። እቃ የሚታጠበው እዚያ ነው፣ ፀጉር የሚታጠበውም እዚያው ነው። በዚያች ቀዳዳ የማይወርድ ነገር የለም፤ የሽንኩርት ልጣጭ (ዙሪያችን ያለው ቀወት ወረዳ የሽንኩርት አገር መሆኑን ቱቦውም ያውቃል)፣ የቡና አተላ፣ የፓስታ ውሃ ከነፓስታው፣ የፓፓያ ፍሬ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ የጫት ገረባ። ይሁንና እነዚህ ሁሉ ከቅቤ ፊት ሲቆሙ ኢምንት ናቸው።

ቅቤን ቆላ ላይ ማመን አይገባም። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቅቤ ጨዋ ነው፤ ድርቅ ብሎ ይቀመጣል፣ አፍስሱት ቢባል እንኳ አይፈስም። እኛ የምንኖረው 1,280 ሜትር አካባቢ ነው። ቅቤ ከሰው ገላ ሙቀት ባልበለጠ ሙቀት ይቀልጣልና ከፀጉር የታጠበው፣ ከድስት የተረፈው ሁሉ በቀትር ኩልል ብሎ ይወርዳል። “ሄደ” ብለን ደስ ይለናል። የት ሄደና! መሬት ውስጥ ያለው ቱቦ ከላዩ አየር ቀዝቀዝ ይላል፤ ቅቤው እዚያ ሲደርስ ደጋ የገባ መስሎት ይረጋል። የረጋው ላይ ፀጉር ይጠመጠማል፣ ፀጉሩ አተላውን ይይዛል፣ አተላው ገረባውን ያስቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የታሰረ አንበሳ አላየሁም፤ ፀጉርና ቅቤ አብረው ቱቦ ሲያስሩ ግን አይቻለሁ።

ከሲንኩ ሥር ያለችውን የተጣመመች ሲፎን ለዓለም ያበረከተው ቧንቧ ሠራተኛ እንዳይመስላችሁ። አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነው፤ በ1775 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባስመዘገበለት መጸዳጃ ቤት ላይ ሁለቴ የተጣጠፈ ቱቦ ገጠመ። ጥቂት ውሃ ሁልጊዜ ጉብጠቱ ውስጥ ይቀራል፤ ያ ውሃ የጉድጓዱ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ በር ይዘጋል። ብልህ ሥራ ነው፣ እስከ ዛሬም ያገለግላል። ሽታውን የሚያግደው ጉብጠት ገረባውንም ያግዳል እንጂ። ሰውየው ጫት ስለማያውቅ አይፈረድበትም።

መደፈን በአንድ ቀን አይመጣም። መጀመሪያ ሲንኩ “ጉር… ጉር” ይላል፤ ሁሉም ይሰማል፣ ማንም አልሰማም። ከዚያ ውሃው እያመነታ መውረድ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የግቢው ሰው ሲንኩ ላይ የሚቆይበት ሰዓት ያጥራል፤ እያንዳንዱ በሱ ተራ እንዳይቆም ሳህኑን አለቅልቆ ይሮጣል። በመጨረሻ በአንዱ ዕድለ ቢስ እጅ ላይ ቀጥ ይላል። ያ ሰው የዓመቱ ጥፋተኛ ነው። በዚህ ጊዜ ተረኛዋ ለእንግድነት የመጣች የጎረቤት እህት ሆና ተገኘች፤ አንድ ብርጭቆ ነበር ያጠበችው።

አከራያችን እትዬ ወጥተው ወገባቸውን ያዙ። “ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ተከራይ ሲባል ሁሉም አንድ ነው” አሉ። ፊታችንን ወደ መሬት አደረግን። አንዱ ወጣት ጎረቤታችን ሮጦ ሱቅ ሄደና ኮስቲክ ሶዳ ይዞ ተመለሰ። እትዬ አዩት። “ልጄ፣ ይሄን ጨምረህበት ባይከፈት፣ እጁን የሚሰድበት ማን ነው?”

ስለ ኮስቲክ ሶዳ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከኬሚስትሪ መምህር እንኳ አልሰማሁም። ሶዳው ውሃ ሲነካ ይግላል፤ ቅባቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። ውሃው ጨርሶ በቆመበት ሲፎን ውስጥ ግን የሚሄድበት ስለሌለ እዚያው ግግር ብሎ ሊቀር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቱቦውን የሚፈታው ሰው ዓይኑ ላይ የሚረጨው ያ ነው። ሲንክ የተደፈነበት ሁሉ በረኪና ጨምሮ፣ ላዩ ላይ አሲድ ያለበት የሽንት ቤት ማጽጃ የሚደግመውስ? ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን የሚባል መርዝ ጋዝ ነው። ቱቦው ይከፈት አይከፈት የሚያይ ሰው እንዲቀር ሁለቱን አታቀላቅሉ።

ሶዳው ከነላስቲኩ ወደ ሱቅ ተመለሰ፤ “ጋሼ ይጠሩ” ተባለ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን በአካባቢያችን የትምባሆ እርሻ መስኖ ላይ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው፤ ውሃ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ያውቃሉ። “አብሽሩ” እያሉ መጡ። በትከሻቸው ላይ የቱቦ ስፕሪንጋቸው ተጠቅልሏል። አምስት ሜትር የሚሆን፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው፣ ከብረት ሽቦ ጥቅጥቅ ብሎ የተጠመዘዘ ሞላ ነው። ጫፉ ላይ ጥምዝማዛው ሰፋ፣ ሳሳ ይላል፤ ቆሻሻውን የሚነክሰው እሱ ነው። በወዲህ በኩል ሁለት ቦታ የታጠፈ የብረት እጀታ አለው፤ ብሎኑን ሲያላሉት ሽቦው ላይ ይንሸራተታል፣ ሲያጠብቁት ከሽቦው ጋር ይዞራል። መብራት አይፈልግም፣ ነዳጅ አይፈልግም። መብራት በሚሄድበት አገር ይህ ትልቅ ማዕረግ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ባልዲ ከሥር አድርገው ሲፎኑን ፈቱት። ሰው ሁሉ ይህን ትቶ ሽቦውን በሲንኩ አፍ ይወትፋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጉዱ ያለው እዚያችው ጉብጠት ውስጥ ነው። የእኛ ግማሹ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሽቦውን ግድግዳው ውስጥ ወደሚገባው ቱቦ ላኩት፤ እጀታውን ለኔ ሰጡኝ፣ እሳቸው ሽቦውን ያዙ።

“ዝም ብለህ አትግፋ” አሉኝ። “ከገፋኸው ውስጥ ለውስጥ ይተጣጠፍና ሲላቀቅ ይገርፍሃል። እምቢ ሲልህ አዙር። ወደ ቀኝ ብቻ!”

“ወደ ግራስ?”

“ወደ ግራ ሞላው ይፈታል፣ የያዘውንም ይለቃል። አንዴ ወደ ቀኝ ካልክ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ።”

እንግዲህ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ነው። ይፋት ላይ ከምሳ በኋላ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በረንዳው ላይ ፍራሽ ተዘርግቷል፣ ጫቱ ተቀምጧል፣ የበርጫው ሰው ተሰብስቧል፣ እኛም ከፊታቸው ነን። መጀመሪያ ላይ ሐራራ ነበርና ማንም አላናገረንም፤ አንዱ ብቻ “ተዉት፣ አይከፈትም” ብሎ ወደ ቅጠሉ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ “ሳብ አድርገው!” “ግፋው!” የሚሉ ድምፆች መጡ። ምርቃናው ሲደርስ ግን ግቢው በመሐንዲስ ተሞላ። የሸዋ ሮቢት ፍሳሽ በጠቅላላ በአንድ ትልቅ መስመር እንዲሰበሰብ፣ በሮቢ ወንዝ አቅጣጫ ወደ አዋሽ እንዲወርድ ተወሰነ። አንዱ አዋሽ ባሕር አይደርስም፣ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል ብሎ ተቃወመ። ከአቤ ሐይቅ እስከ ባሕሩ ያለውን ማን ይቆፍራል የሚለው ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ ከሲንኩ ገና አንድ ሜትር ከሃምሳ አላለፍንም።

ከመሃላቸው አንዱ “በሞተር ለምን አይዞርም?” አለና ተሳቀበት። ያለ አግባብ ነው የተሳቀበት። ሳሙኤል ብላንክ የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አዮዋ ግዛት፣ ዴሞይን ከተማ፣ የልጁ ቤት ፍሳሽ ቢደፈንበት ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተሩን ነቅሎ፣ ከልጆች መንሸራተቻ ጫማ ጎማ አውጥቶ፣ ሽቦውን በዚያ አዞረው። ሮቶ ሩተር የሚባለው ኩባንያ የተወለደው ከዚህ ነው። የብላንክ ዋና ጠላቱ በቱቦው መጋጠሚያ ሾልኮ የሚገባ የዛፍ ሥር ነበር። ይህን ሳወራላቸው ጋሼ ዞር ብለው በረንዳው ላይ ጥላ የጣለውን ኒም አዩት፤ ምንም አላሉም። የተሳቀበትን ልጅ ግን “ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለህ?” አሉት። የለውም።

ድንገት እጀታው ከበደኝ። “ያዘ!” አሉ ጋሼ። “እያዞርክ ወደ ኋላ።” ሽቦው ቀስ እያለ መጣ፤ በረንዳው ጸጥ አለ፣ አቤ ሐይቅም ተረሳ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና የመጨረሻው ክንድ ሲወጣ ጉዱ ሁሉ ጫፉ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ያልተነጠረ ቅቤና አሮጌ ጀበና የሚሸት። ጋሼ በእንጨት እየፈለቀቁ ባልዲው ውስጥ ዘረዘሩት። ገረባ ወጣ። በረንዳው በአንድ ድምፅ “እኛ የምንቅመው እዚህ ነው፤ የምንጥለው ውጪ ነው” አለ። የጥርስ ሳሙና ክዳን ወጣ፤ ባለቤት አልተገኘለትም። ከዚያ ማሾ ወጣ። ይፋት ባሕር አሻግሮ የሚሸጠው፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚያገበያየው ማሾ፣ በጨለማ ቱቦ ውስጥ አብጦ፣ ነጭ ጅራት አውጥቶ በቅሏል። እርጥበትና ሙቀት ካገኘ ማሾ ቦታ አይመርጥም።

ይህን ሁሉ የጠቀለለው ፀጉር ግን በመጨረሻ ታጥቦ ታየ። ረጅም ነው። ቀይ ነው፤ ሂና የነካው። ግቢያችን ውስጥ ሂና የሚቀቡ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

ሁላችንም ሰማይ ሰማይ አየን። እትዬ ባልዲውን አዩ፣ ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉና “ጋሼ፣ ቡና ይጠጡ እንጂ፤ ደክሞዎታል” አሉ። ስለ ተከራይ ከዚያ ቀን ወዲህ የተናገሩት የለም።

እኔም ለማጽናናት ያህል የለንደኑን አጫወትኳቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. ዋይትቻፕል የሚባል ሰፈር ሥር ከቅባትና ከቆሻሻ የተጋገረ፣ 250 ሜትር የሚረዝም፣ 130 ቶን የሚመዝን ድፍን ተገኘ፤ ሠራተኞቹ ለሳምንታት ሲፈልጡት ከረሙ፣ በኋላም ቁራጩ ሙዚየም ገብቶ በመስታወት ውስጥ ታየ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። የእኛን ሙዚየም አልጠየቀውም፤ ጋሼ ጉድጓድ ምሰው ኒሙ ሥር ቀበሩት።

ሽቦው ሁሉን ያድናል ብዬ አልዋሽም። እንደ ብዙው የኢትዮጵያ ከተማ የእኛም ግቢ ፍሳሽ መጨረሻው ጓሮ ያለ ጉድጓድ ነው። ሲንኩም መታጠቢያውም ሽንት ቤቱም በአንድ ጊዜ እምቢ ካሉ ሞልቷል ማለት ነውና ስፕሪንጉን አስቀምጡ፣ መምጠጫ መኪና ጥሩ። ይህ ቀጭኑ ሽቦም ለሽንት ቤት መቀመጫ አይሆንም፤ ሸክላውን ይቧጭረዋል። ለሱ የተሠራ፣ መግቢያው ላይ የታጠፈ ቱቦ ያለው ሌላ ዓይነት አለ።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። እድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ በሬ የሚቀቀልበት ድስት አለው። ሞት በየቤቱ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ድፍን ሲንክ ግን በየወሩ ነው። የተከበሩ የእድሩ ዳኛ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ አጀንዳ ይያዝልን፤ አንድ ባለ አምስት፣ አንድ ባለ አሥር ሜትር ስፕሪንግ ይገዛ፣ ንብረቱን ጋሼ ይረከቡ፣ የተዋሰ ሰው አጥቦና አድርቆ፣ በዘይት ወልውሎ ይመልስ። ዝገት ያስገባ ይቀጣ። የሲንክ ወንፊቱን ግን እያንዳንዱ ቤት በራሱ ይግዛ፤ እሱን ከእድር ገንዘብ አንነካም።