ሮባ፣ ሮብሌና አሸብር

በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር፣ በዋሂልና በአካባቢዋ፣ ኦሮሞውም ሶማሌውም አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ለሕፃን ስም የሚወጣው በተወለደ በሰባተኛው ቀን ነው። ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ በግ ወይም ፍየል ይታረዳል፤ ሥርዓቱ አቂቃ ይባላል። ሁለት ፍየል ወድቆ የሚወጣው ስም ግን ብዙውን ጊዜ መሐመድ፣ አሕመድ ወይም አብዲ ነው። በገበያ ቀን «መሐመድ!» ብሎ የተጣራ ሰው ግማሽ ገበያ ዞር ይልለታል። ከዚህ የሚያመልጥ ስም የሚፈልግ አባት ሩቅ አይሄድም፤ ልጁ የተወለደ ዕለት ምን እንደሆነ ያስታውሳል።

አገሩ ቆላ ነውና ከወሬ ሁሉ የሚበልጠው ዝናብ ነው። ዝናብ ሲጥል የተወለደውን ኦሮሞው ሮባ፣ ሶማሌው ሮብሌ ይለዋል። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝናብን የሚጠሩት በተቀራራቢ ቃል ስለሆነ ጎረቤታሞቹ በግጦሽ ቢጣሉ እንኳ በስሙ አይጣሉም። በሶማሌው በኩል ጌዲ ጉዞ ነው፤ ዳልማር አገር አቋራጭ፣ ማታን መንታ። ዋርሰሜ ደግሞ «መልካም ወሬ» ማለት ነው፤ ስም ዜና መሆኑን በግልጽ ያመነ እሱ ብቻ ነው።

ነገሩን እስከ ሰዓት ያደረሱት ቦረናዎች ናቸው። ማለዳ የተወለደው ቦሩ፣ ቀን የተወለደው ጉዮ፣ ሲመሽ የመጣው ገልገሎ ይባላል፤ የልደት የምስክር ወረቀት ከእነ ሰዓቱ በስማቸው ተሸክመው ይዞራሉ። ቤተሰቡ ከብት እየነዳ ሲሰደድ የተወለደው ጎዳና ነው። ይህ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ «ቸርችል ጎዳና» የሚል ሰሌዳ ቢያይ የማያውቀው ልጅ እንዳለው ሊጠረጥር ይገባል።

አማርኛ ተናጋሪው ከዜና ይልቅ ትእዛዝ ይወዳል። በላቸው፣ ጣሰው፣ ደምስ፣ መክት፦ ገና አንገቱን ያላጸና ሕፃን በጡት ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ግዳጅ ይቀበላል። ጠላቱ ማን እንደሆነ የሚያውቀው አባትየው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የድንበር ጎረቤት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ዕድለ ቢሱ አሸብር ነው። አባት «ጠላትህን አርበድብድ» ብሎ በኩራት ያወጣው ስም፣ በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ሲወጣ ጥሩ ጎረቤት አላገኘም።

ልጅ የሞተበት ቤት ቀልዱን ይተዋል። ካሳ፣ ምትክ መሆኑን የሚናገረው ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ቁምልኝ የሚባሉት ስሞች የሚተርኩት ስለ ተወለደው ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊት ስለ ሄደው ጭምር ነው። ሞትን ለማታለል የሚያስጠላ ስም ማውጣትም በብዙ አገር አለ። በቻይና ገጠር «የውሻ ትራፊ» የሚል የቤት ስም ይወጣ ነበር፤ ውሻ የተወውን ሞትም ይንቀዋል ተብሎ ነው።

ፖለቲካ ያመጣቸው ስሞች ቶሎ ያረጃሉ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ አብዮት የተባሉት ልጆች ዛሬ ሽማግሌ እየሆኑ ነው፤ ስማቸውን ያወጣው መንግሥት ግን ወርዶ ቆይቷል።

ያልተለመደ ስም ለወንድ ሲወጣ ከባድ የሚሆነው በልጁ ስለማያበቃ ነው። ሲወልድ የልጁ አባት ስም፣ ሲያረጅ የልጅ ልጁ ሦስተኛ ስም ይሆናል፤ የአንድ ቀን ዝናብ ሦስት ትውልድ ያርሳል። አንዳንዴ መገጣጠሙ ያምራል። የሮም ማራቶን አሸናፊ አበበ ቢቂላ ከአባቱ ጋር ሲነበብ ሙሉ አትክልት ነው፤ ቢቂላ በኦሮምኛ ከመብቀል የመጣ ነውና በቅሎ አብቧል። የሯጩ የቀነኒሳም አባት በቀለ ነው። ደራሲውን ሀዲስ ዓለማየሁን ለሚያነብ ደግሞ ስሙ ራሱ ዓለምን ገና እንዳየ ሰው ይናገራል።

አበበ ሮም ላይ ባሸነፈበት በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው በአንቀጽ 32 ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ አንቀጹን በአክብሮት አልፎት በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ውጤቱ የሚታየው ውጭ አገር ነው፤ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ 10 ሺህ ሜትር ያሸነፈው ኃይሌ ሆኖ ሳለ የውጭ ጋዜጠኞች ያወደሱት «ገብረሥላሴ»ን ነበር። ልጅ ሮጦ አባት ተመሰገነ።

መሐመድ የበዛበት ሶማሌ ግን ሌላ መውጫ አለው፤ ናናይስ ይባላል፣ ቅጽል ስም ነው። ረጅሙ ዴሬ፣ አጭሩ ጋብ ተብሎ ይለያል፤ ለይሉኝታ ቦታ የለም። እስከ 1983 ዓ.ም. ሶማሊያን የገዙት ዚያድ ባሬ እንኳ አፍወይኔ፣ ማለትም አፈ ትልቁ፣ ከመባል ሥልጣናቸው አላዳናቸውም። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመላ ኢትዮጵያ ሥራ ላይ በዋለው የክብር መዝገብ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ እዚያ የሚገባው መሐመድ ነው። ናናይስ ቀነ ገደብ የለውም፤ ጢም አብቅሎ እንኳ ሊወጣለት ይችላል፣ ያለ ፍየል።