የትኛው አባባ?

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ስንት አባት ነው ያለው?»

«አንድ። ምነው?»

«ኮምፒውተርዎ ሦስት ይላል። ‹አባባ›፣ ‹አባባ 2›፣ ‹አዲስ አባባ›።»

«‹አዲስ አባባ› ባለፈው ልጆቹ ያወጡልኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ ከተማው መስሎኝ፣ ዛሬስ የቱ መንገድ ተቆፍሮ ይሆን ብዬ ልከፍተው ነበር።»

«ፓስዎርዱ ሲጠፋኝ ምን ላድርግ? አዲስ አካውንት ከፈትን።»

«ቁልፍ በጠፋ ቁጥር ቤት ይሠራል እንዴ? እንዲያ ቢሆን እስካሁን ሪል ስቴት ሆነው ነበር።»

እትዬ ጓዳ ሆነው ይሰማሉ። «ተዋቸው እባክህ፤ እኔንስ የሁለት ልጅ ስም ሳይጠሩ መቼ ይደርሱብኛል?»

ጋሼ አፍ አያጡም። «አንተ ራስህ ፌስቡክ ላይ በስንት ስም ነው ያለኸው?» አሉኝ። እሱን አለፍነው።

በነገራችን ላይ፣ ስም የተደጋገመበት ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የመጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት በአንዳንድ ቤት አንዱን ስም ሁለት ጊዜ መግቢያው ላይ ሲገትር ነበር። ሰበቡ፣ ከአፕዴት በኋላ ኮምፒውተሩ በራሱ ገብቶ ሥራውን እንዲጨርስ የሚፈቅደው ሴቲንግ ነው፤ እሱን ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። እውነተኛ አካውንት ይሁን ጥላ ለማወቅ ደግሞ ሲ ድራይቭ ውስጥ ‹ዩዘርስ› የሚለውን ፎልደር ከፍቶ ማየት ነው። ስሙ ሁለት፣ ፎልደሩ አንድ ከሆነ ጥላ ነው። የጋሼ ቤት ግን ጥላ የለም፤ ሦስት ስም፣ ሦስት ፎልደር። ብቻ የ‹አባባ› ፎልደር ‹ቦስ› ነው የሚለው።

«ይሄ ቦስ ማን ነው ጋሼ?»

«ኮምፒውተሩን የሸጠልኝ ሰውዬ ነዋ! ስሙን እኮ ቀይሬዋለሁ።»

«የቀየሩት መግቢያው ላይ ያለውን ነው። ፎልደሩ መጀመሪያ በወጣለት ስም እንደጸና ይኖራል።»

«እንግዲህ እዚህ ቤት ሌላ ቦስ ገብቷል በለኛ!»

«የለም፣ እሱ የኔ ነው» አሉ እትዬ።

«በል ሁለቱን ደምስስና ገላግለኝ።»

«ቀስ ይበሉ እንጂ! አካውንቱን ሲያጠፉት ዳታውም አብሮ ነው የሚጠፋው፤ ዴስክቶፑም፣ ሰነዱም፣ ፎቶውም። የልጅዎ የምርቃት ፎቶ የት ነው?»

«አባባ ውስጥ።»

«የትኛው አባባ?»

«ሱፍ የለበስኩበት።»

ሦስቱንም መበርበር ሊኖርብኝ ነው።

«የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ ግን ‹ፎርማት ይደረግ› ነው ያለኝ።»

«እሱ ምን ቸገረው? ሦስቱንም አባባ በአንድ ጉድጓድ፣ ያውም ያለ ሠልስት!»

«እሺ፣ አጥፍተን በዚያው ስም እንደገና ብንከፍተውስ?»

«ስምዎን ማን ቆጠረው ጋሼ? ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ አካውንት ረጅም ቁጥር ይሰጣል፤ የሚያውቅዎ በቁጥሩ ነው። በዚያው ስም ደግመው ቢከፍቱ ሌላ ቁጥር ይወጣል። የድሮው ፋይል ቢተርፍ እንኳ፣ ለእሱ እርስዎ ሞክሼ እንጂ ባለቤት አይደሉም፤ አድሚን ካልሆኑ ‹ፈቃድ የለዎትም› ይባላሉ።»

«ለገዛ ሰነዴ?»

«ደጅ ይጠናሉ።»

«ደጅ መጥናቱንስ ለምጄዋለሁ። አድሚን ያልከው ግን ማነው?»

«ያሻውን የሚጭን፣ የሌላውንም ፋይል የሚከፍት ነው። በእርስዎ ቤት ሦስቱም አባባ አድሚን ናቸው። ትንሹ ልጅዎ ያን ሁሉ ጌም ሲጭን ማን ፈቀደለት?»

ልጁ ከሶፋው ቀና ሳይል «አባባ 2» አለ።

«እሱኮ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ እርስዎ ነዎት የፈቀዱለታ!»

እንግዲህ በእኔ ይሁንባችሁ፤ አንድ ቤት አንድ አድሚን ይበቃዋል። ለልጁ የራሱ ስም ያለው ስታንዳርድ አካውንት ከተከፈተለት፣ የሚጭነው ነገር ሲኖር አድሚኑን ያስጠይቀዋል። ይህን ስል ልጁ ሻይ እንኳ እንዳይሰጠኝ የፈለገ ይመስላል።

ፎቶና ሰነዱን ከሦስቱም ፎልደር ለቅሜ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩና፣ «በሉ እንግዲህ፣ የትኛው አባባ ይቆይ?» አልኩ።

«ፓስዎርዱን የሚያስታውሰው» አሉ እትዬ።

ጋሼ ትንሽ አሰብ አደረጉ። «እንዲያማ ከሆነ» አሉኝ፣ «አራተኛ ክፈት።»